የሐረር ጌ ጋር፦ የቤቱ አሠራር፣ አጸዱና የውርስ ዕቃዎቹ በፊቅህ ዓይን

በሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ አባወራ ሲሞት ከቀብሩ በኋላ ባሉት ቀናት የሰፈሩ ኢማም ወይም አንድ ዐሊም ወደ ቤቱ ይጠራል። ዕዳ ካለ ይከፈላል፤ ኑዛዜ ካለ ይነበባል፤ ከዚያም የሚራሱ ድርሻ ይሰላል። ስሌቱ ፈራኢድን የቀራ ደረሳ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሟቹ ልጆች ካሉት ሚስቱ ስምንተኛውን ትወስዳለች፤ ወላጆቹም በሕይወት ከሌሉ የቀረው፣ ወንዱ የሁለት ሴት ድርሻ እየያዘ፣ ለልጆቹ ይከፋፈላል። ከባዱ ጥያቄ ከስሌቱ በፊት ይመጣል፤ ከቤቱ ውስጥ የሟቹ ንብረት የትኛው ነው?

በሐረር ጥንታዊ የቤተሰብ ቤት ውስጥ ቆሞ ይህን ለመመለስ የፊቅህ ኪታብ ብቻውን አይበቃም። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሞሉት ስፌቶች፣ የተሰቀሉት ሳህኖች፣ ከበሩ በላይ የተጠቀለለው ምንጣፍ፣ በግድግዳው መስኮት ውስጥ የተቀመጠው የእጅ ጽሑፍ ቁርአን እያንዳንዳቸው ባለቤት አላቸው፤ ባለቤታቸውም ሁልጊዜ አባወራው አይደለም። ሁሉም በጅምላ «የቤት ዕቃ» ተብለው ወደ ሟቹ ሀብት ከገቡ፣ ሚስቲቱ በገዛ እጇ ከሰፋችው ስፌት ስምንተኛውን ብቻ ታገኛለች። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ፍርዱ ስሕተት የሚሆነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ቤቱን ከነአጸዱና ከነዕቃው እየዘረዘረ ከገለጸ በኋላ ወደዚህ ጥያቄ ይመለሳል።

ከተማውና ግቢው

ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌ»፣ ራሳቸውን «ጌ ኡሱእ»፣ ቋንቋቸውን «ጌ ሲናን» ይላሉ። «ጌ ጋር» እንግዲህ የከተማው ቤት ማለት ነው። ስያሜው ራሱ ቤቱ ከከተማው ተለይቶ የማይታሰብ መሆኑን ያመለክታል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደ ታጠረ የሚነገረው የጀጎል ግንብ ያቀፈው መሬት 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መካናት እንደሚገኙ ከተማው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ተጠቅሷል። መኖሪያ ቤቶቹ የተሠሩት በዚህ ሁሉ መካከል፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነው።

ቤቱ ለመንገድ ፊቱን አይሰጥም። ከጠባቡ መተላለፊያ የሚታየው የግንብ አጥርና በር ነው። በሩን አልፎ የሚገኘው ግቢ «አባድ» ይባላል። በአንድ አባድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዛመዱ ቤተሰቦች ቤቶች ግቢውን ከበው ይቆማሉ፤ ማብሰያውና ሌላው የአገልግሎት ቤት ከዋናው ቤት ውጭ በግቢው ውስጥ ነው። ሱረቱ አን-ኑር ቁጥር 27 ሳያስፈቅዱና ሳያሰላምቱ ወደ ሰው ቤት መግባትን እንደሚከለክል፣ ቁጥር 61 ደግሞ ከአባት፣ ከእናት፣ ከወንድም፣ ከእኅትና ከሌሎች ዘመዶች ቤት መመገብ ነውር እንደሌለበት እንደሚገልጽ መምህራን ያውቃሉ። በአባድ ውስጥ ያደገ ልጅ ሁለቱንም በአንድ ቀን ይለማመዳል፤ ከአጎቱ ቤት ይበላል፣ ነገር ግን ድምፅ ሳያሰማ ደፉን አያልፍም።

የቤቱ ውስጥ

ግድግዳው በጭቃ ከተያያዘ ድንጋይ የተገነባና በኖራ የተቀባ ነው። የድሮው ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ ወፋፍራም ወራጆች ተደርድረው፣ በላያቸው ጭራሮና አፈር ተደልድሎ ይሠራል። ዛሬ አብዛኛውን ቆርቆሮ ተክቶታል። በመሬት ያለው ክፍል ሦስት ነው። ዋናው «ግድር ጋር» ማለትም ትልቁ ቤት ሲሆን፣ ከጎኑ «ኪርታት» የሚባለው ክፍል፣ በጓዳ በኩል ደግሞ ጌጣጌጥ፣ መድኃኒትና ዕጣን የሚቀመጥበት «ደራ» አለ። ከላይ ያለው «ቀላ» ቀድሞ ለእህልና ለዕቃ ማስቀመጫነት ያገለግል ነበር፤ በኋላ በብዙ ቤቶች የመኝታ ክፍል ሆኗል።

የቤቱ ልብ ግን ነደባ ነው። ነደባ ከወለሉ ከፍ ተደርጎ የተሠራ፣ በቀይ አፈር የተለሰነ መደብ ነው። በአንድ ግድር ጋር ውስጥ አምስት ነደባዎች ይገኛሉ፤ ቁመታቸውም ቦታቸውም ይለያያል። አሚር ነደባ የአባወራው ነው። ከዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል፤ ጦር የሚሰካበት ቦታም በአቅራቢያው ነበር። ግድር ነደባ ሰፊው ሲሆን ለሽማግሌዎች፣ ለዑለማእና ለከበሩ እንግዶች ነው። ጢት ነደባ፣ ማለትም ትንሹ፣ በዕድሜ ወይም በዕውቀት ለሚያንሱት ይሆናል። ገብቲ ኤሐር ነደባ ከበሩ ጀርባ ያለው ሲሆን ዘግይቶ የመጣ ሰው ሌላውን ሳያውክ የሚቀመጥበት ነው። ሱትሪ ነደባ ገባ ያለ፣ ከእንግዳ ዓይን የተሰወረ ነው፤ ባልና ሚስት የሚተኙበትም እርሱ ነበር። ስሙ መሰወርንና መሸፈንን ከሚያመለክተው «ሲትር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል። የነደባዎቹ አጠቃቀም ከቤት ወደ ቤት በመጠኑ ተለይቶ ይነገራል፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው። ጫማውን በነደባው ግርጌ ያወለቀ እንግዳ የት እንደሚቀመጥ ማንም አይነግረውም። ሐድራና መውሊድ ሲኖር፣ ሰርግ ወይም ለቅሶ ሲሆን፣ በርካታ ሰው ያለ ወንበርና ያለ አስተናባሪ በየማዕረጉ ይቀመጣል።

ኪርታት የሴቶች ክፍል ነው። ከግድር ጋር የሚለየው የተፈለፈለ የእንጨት መከለያ ሲሆን፣ በውስጥ ያሉት ወደ ውጭ እየሰሙና እያዩ እነርሱ አይታዩም። አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያ ቀኖቻቸውን በዚህ ክፍል ያሳልፉ ነበር፤ ምግብም በትንሽ ቀዳዳ ይቀበሉ እንደ ነበር ይነገራል። ሱረቱ አን-ኑር ቁጥር 58 በቀን ሦስት ጊዜያት፣ ከፈጅር በፊት፣ ልብስ በሚወልቅበት ቀትርና ከዒሻእ በኋላ፣ የቤት ልጆችና አገልጋዮች ሳይቀሩ እንዲያስፈቅዱ ያዛል። ይህን አንቀጽ ለልጆች የሚያስረዳ መምህር ሱትሪ ነደባንና ኪርታትን በምሳሌነት ቢጠቅስ ነገሩ ወዲያውኑ ይገባቸዋል። ቤቱ ከአንቀጹ ተቀድቶ ተሠራ ማለት ግን አይደለም፤ አንቀጹን የሚያውቁ ሰዎች ኖሩበት ማለት ይበቃል።

እዚህ ላይ ስለ ትርጓሜዎች አንድ ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። የወለሉና የነደባው ቀይ ቀለም በታኅሣሥ 1879 ዓ.ም. (1304 ሂጅራ) በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። በግድግዳው ውስጥ ከተበጁት «ጣቀት» ከሚባሉት መስኮቶች ሁለቱ አራት ማዕዘኖች የቀብር አምሳል ሆነው ሞትን ያስታውሳሉ ይባላል። አምስቱ ነደባዎች የአምስቱ ሶላቶች፣ የአምስቱ የኢስላም ማዕዘናት ወይም የአምስቱ የጀጎል በሮች ምልክት ናቸው የሚልም አለ። እነዚህ ነገሮች በሕዝቡ መታሰቢያ ውስጥ መኖራቸው ራሱ እውነተኛ ታሪክ ነው። ሆኖም በሐዲስ ትምህርት «ይህን ከማን ሰማህ?» እያለ ያደገ ዐሊም እዚህም ያንኑ ጥያቄ ሊተው አይገባውም። ቀይ አፈር ለልስን የሚመች በመሆኑ ያለ ጨለንቆም ሊመረጥ ይችላል፤ ሐዘኑ በኋላ ያረፈበት ቀለም ሊሆን ይችላል። ቁጥር አምስትም ለምን ጉዳይ እንደ ተፈለገ ይሰጣል። በኹጥባ «እንዲህ ይባላል» ብሎ መናገርና «እንዲህ ነው» ብሎ መናገር አንድ አይደሉም።

ከ1879 በኋላ የገቡ የሕንድ ነጋዴዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ቤት አመጡ፤ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት የእንጨት ሰገነት ያለው። ከሁለቱ ድብልቅ የተወለዱም ቤቶች አሉ። የተቀረጹት ውብ በሮች በብዛት የሚታዩት በእነዚህ ላይ ነው።

አጸዱ ከግንቡ ውጭ

የጌ ጋርን አጸድ በአባዱ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነገር ብቻ ያገኛል፤ አንድ ሁለት ዛፍ፣ በማሰሮ የተተከለ ሽታ ያለው ቅጠል። እውነተኛው አጸድ ከግንቡ ውጭ ነበር። የከተማው ቤተሰቦች በጀጎል ዙሪያ ባሉት ሸለቆዎችና ተዳፋቶች የቡና፣ የጫት፣ የሎሚና የሙዝ ተክል ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ከተማውን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለ ከተማው ጥብቅነት ብዙ ቢያማርርም የዙሪያውን ተክል ሳይጠቅስ አላለፈም። በሮቹ ሲመሽ ስለሚዘጉ ወደ አጸዱ የወጣ ሰው በጊዜ መመለስ ነበረበት። ስለዚህ ቤቱና አጸዱ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ የተሳሰሩ የአንድ ሀብት ሁለት ክፍሎች ነበሩ።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር የአጸዱ ገቢ ቤቱን ይጠብቅ የነበረ መሆኑ ነው። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ በየጊዜው ልስንና ኖራ ይፈልጋል፤ የአፈር ጣሪያ ከየክረምቱ በፊት ካልተደለደለ ያፈሳል። የገጠር መሬትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲወጣ ከግንቡ ውጭ ያለው አጸድ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ ትርፍ የከተማ ቤቶችን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐረሪዎች ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዐረብ አገሮች፣ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰደዱ። የቀሩት ቤቶች የሚያድሳቸው ገቢ አነሰ፤ ወራሾቻቸውም በሦስትና በአራት አገር ተበተኑ። በቤቱ ውስጥ ካለው ዕቃ የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

በግድግዳው ላይ ያለው የማን ነው?

በአማርኛ አንባቢ ጆሮ እንግዳ ቢሆንም፣ በሐረሪ ቋንቋ «ሞት» ማለት ስፌት ነው። ሴት ልጅ ስፌት የምትማረው «ሞይ ጋር» በሚባለው የልጃገረዶች የሥራ ቤት፣ ከእኩዮቿ ጋር ተቀምጣ ነበር። አንዱን ጥሩ ስፌት ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። ስታገባ የሰፋቻቸውንና ዘመዶቿ የሰፉላትን ይዛ ትመጣለች፤ እነዚያም በግድር ጋር ግድግዳ ላይ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። «ሐማት ሞት» የሚባለው ለባል እናት የሚሰጥ ነው። ከስፌቶቹ ጋር ጥቁር የእንጨት ገበታዎች፣ ከውጭ አገር የመጡ ሸክላና ብረት ሳህኖች፣ የስፌት ክዳን ያላቸው «አፍላላ» የተባሉ አንገተ ረጃጅም ጥቁር ዕቃዎች ይደረደራሉ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያሳያል ይባላል።

እንግዲህ ወደ ፊቅሁ። መነሻው ግልጽ ነው፤ በኢስላም የሚስት ንብረት በጋብቻ ምክንያት ከባሏ ንብረት ጋር አይቀላቀልም። ይዛ የመጣችው፣ ከመጣች በኋላ በራሷ ክርና ድካም ለራሷ የሰፋችው፣ መህር ሆኖ የተሰጣት ሁሉ የእርሷ ነው። በባሏ ቤት ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ ሟቹ ባል ሲሆን እነዚህ ዕቃዎች ከነጭራሹ ወደ ክፍፍሉ አይገቡም። ሐማት ሞት ግን ለአማቲቱ ተሰጥቶ በእጇ የገባ ስጦታ ስለሆነ የአማቲቱ ሀብት ነው፤ እርሷ ስትሞት ለወራሾቿ ይከፋፈላል እንጂ ወደ ሰጪዋ አይመለስም። እዚህ ላይ የዕቃው ስም ራሱ ማስረጃ ነው።

ክርክር ከተነሳስ? መዝሀቦች እዚህ ይለያያሉ። ሐነፊዮች ለሴት የሚመጥነውን ዕቃ ለሚስት፣ ለወንድ የሚመጥነውን ለባል በመሐላ ይሰጣሉ። በሐረር የቆየው የሻፊዒይ መዝሀብ ግን የዕቃውን ዓይነት መለያ አያደርግም፤ ማስረጃ ከሌለ ሁለቱም ወገኖች ይምሉና ለሁለት ይከፈላል። እንግዲህ ልብ ይባል፤ ምስክር ያልቀረበ እንደሆነ፣ አንዲት ሴት አሥር ዓመት የሰፋችው ግማሹ ወደ ባሏ ወራሾች ሊሄድ ይችላል። ምስክሮቹ ደግሞ አብረዋት በሞይ ጋር የተቀመጡት፣ በሰርጓ ዕለት ዕቃውን ተሸክመው ያመጡት፣ በሴቶች አፎቻ ውስጥ የሚገኙት አሮጊቶች ናቸው። በገንዘብ ነክ ጉዳይ የሁለት ሴቶች ምስክርነት ከአንድ ወንድ ጋር ተቀባይነት እንዳለው በሱረቱ አል-በቀራህ ቁጥር 282 ተደንግጓል። ነገር ግን ሴቶቹን የሚጠራ ዳኛ ያስፈልጋል፤ የወንዶችን ቃል ብቻ ሰምቶ የሚነሳ አከፋፋይ ማስረጃውን በጓዳ ትቶት ይሄዳል።

ሌላው ችግር የተስፋ ቃል ነው። እናት ግድግዳውን እያሳየች «ይህ የትልቋ፣ ያ የትንሿ ነው» ትላለች፤ ልጆቹም ለሃያ ዓመት ይህን ሲሰሙ ይኖራሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ስጦታ (ሂባ) ባለቤትነትን የሚያስተላልፈው በቀብድ ነው፤ ቀብድ ሲባል በገበያ የምናውቀው የዋጋ መያዣ ሳይሆን መረከብ ማለት ነው። ዕቃው ከግድግዳው ካልወረደና ልጅቱ ካልተረከበችው፣ እናት ስትሞት የሁሉም ወራሾች ሀብት ነው፤ ባሏ በሕይወት ካለ ሩቡን፣ ወንዶች ልጆቿም እጥፍ ድርሻቸውን ይጠይቁበታል። ቤተሰቦች በዚህ ሲጋጩ ማንም ዋሽቶ አይደለም፤ ቃሉ ተሰጥቷል፣ ርክክቡ ግን አልተፈጸመም። በተጨማሪ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኑዕማን ኢብኑ በሺር በተባለው ሶሓባ ጉዳይ፣ ለአንድ ልጅ ብቻ በተሰጠ ስጦታ ላይ ለመመስከር እምቢ ማለታቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ የምትሰጥ እናት ይህንም ልታስብበት ይገባል።

ዕቃው ሳይበታተን በግድግዳው ላይ እንዲቆይ ለምትፈልግ እናት ከሂባ ይልቅ ወቅፍ ይስማማል። የሻፊዒይ መዝሀብ ራሱ ሳይጠፋ ጥቅም የሚሰጥ ተንቀሳቃሽ ዕቃን ወቅፍ ማድረግን ይፈቅዳል፤ ለጸናነቱም ርክክብን ቅድመ ሁኔታ አያደርግም። በጤንነቷ ጊዜ «ይህ ለሴት ልጆቼና ከእነርሱ በኋላ ለልጆቻቸው ወቅፍ ነው» ብላ ምስክር ካቆመች ዕቃው አይሸጥም፣ አይወረስም። ለራሷ ወቅፍ ማድረግ ግን በዚሁ መዝሀብ አይጸናም፤ ተጠቃሚዎቹ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጆቹ ናቸው። በሞት ሕመም ላይ ሆና ለወራሾቿ ካደረገችው ደግሞ የኑዛዜ ሕግ ስለሚይዘው የሌሎቹ ወራሾች ስምምነት ያስፈልጋል።

ከግድግዳው ጋር አንድ አካል የሆኑት፣ ማለትም ነደባ፣ ጣቀት፣ የተተከለ በር፣ የኪርታት የእንጨት መከለያ፣ ቤቱን ይከተላሉ፤ ቤቱ ሲሸጥ አብረው ይሸጣሉ፣ ሲወረስ አብረው ይወረሳሉ። ስለዚህ ቤቱ ሳይከፈል የተቀረጸውን በር ነቅሎ ለቅርስ ነጋዴ የሚሸጥ ወራሽ የጋራ ንብረት ሸጧል።

በጣቀት የሚቀመጡት ኪታቦች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሐረር በቁርአን ቅጂና በመጽሐፍ ጥረዛ የታወቀች ከተማ ነበረች፤ በርተን እንኳ የጥረዛውን ጥራት አድንቋል። ከእጅ ጽሑፎቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ገጽ ላይ የወቅፍ ማስታወሻ አላቸው። እንዲህ ያለ ቁርአን በቤቱ ስለ ተቀመጠ ብቻ የቤተሰቡ አይደለም፤ ቤተሰቡ አደራ ጠባቂ ነው። ከክፍፍል በፊት ገጾቹን ገልጦ ማንበብ የአከፋፋዩ ግዴታ ነው። የሸሪፍ ሙዚየም፣ በአንድ ሰብሳቢ መኖሪያ ቤት ተጀምሮ አሁን የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ የሚገኘው፣ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች እንዴት እንደሚጠገኑና እንደሚነበቡ ለማየት የሚፈልጉ መምህራን ደረሶቻቸውን ይዘው ሊሄዱበት የሚገባ ቦታ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) ተከራካሪዎች ሲስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ስለሚፈቅድ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም እንዲህ ያለውን የውርስ ክርክር ያያሉ። አብዛኛው ክፍፍል ግን ፍርድ ቤት ሳይደርስ በግድር ጋር ውስጥ፣ በነደባው ላይ ይጠናቀቃል። በዚያ ቀን ኢማሙ ከስሌቱ በፊት ቤቱን ከሚስቲቱና ከአንድ ሁለት አሮጊቶች ጋር ዞሮ፣ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ «ማን ሠራው? ማን አመጣው? ለማን ተሰጠ? ተረክቧልን?» ብሎ ቢጠይቅና ቢያስመዘግብ ነገሩ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በውጭ አገር ያሉ ወራሾች በስልክ እየሰሙ መልሱ በጽሑፍ ቢደርሳቸው ደግሞ የተሻለ ነው።

በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ቤተሰቦች ጌ ጋራቸውን ለእንግዳ ማደሪያ እያከራዩ ነው፤ ግድግዳው እንደ ድሮው ተሰቅሎ ይቆያል፣ ቤቱም ከኪራዩ ይታደሳል። ስለ ዘካው ጥያቄ ይነሳል። የተሰቀለው ዕቃ ለሽያጭ ካልተያዘ የንግድ ዕቃ አይደለም፤ ዘካ የሚታሰበው ከኪራዩ ተጠራቅሞ ኒሳብ በሞላና ዓመት በዞረበት ገንዘብ ላይ ነው። በደራ ውስጥ ያለው የወርቅና የብር ጌጥ ለመልበስ ወይም ለሰርግ ለማዋስ የተያዘ ከሆነ በሻፊዒዮች ተመራጭ አቋም ዘካ የለበትም፤ ለሀብት መደለቢያ ተቆልፎ የተቀመጠ ከሆነ ግን አለበት። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው የደራውን ቁልፍ የያዘችው ሴት ናት፤ ጥያቄውም መቅረብ ያለበት ለእርሷ ነው።